ሥራ ቀይሮ ወደ ሕክምና፦ በአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ኮርሶችን ለሚጀምር ጎልማሳ

«አሁን ጀምሬ መቼ ልጨርስ ነው?» ይህን ሳይጠይቅ ወደዚህ መንገድ የገባ ጎልማሳ አላጋጠመኝም፤ ስለዚህ ከመልሱ እጀምራለሁ። በኦገስት 2026 የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ ኮርስ የያዘና ሥራውን ሳይለቅ የሚማር ሰው የመግቢያ ኮርሶቹን በዲሴምበር 2028 ይጨርሳል። በኤፕሪል 2029 የመግቢያ ፈተናውን ይወስዳል፣ ጁን ላይ ያመለክታል፣ ከተቀበሉት በ2030 ክረምት ማብቂያ ላይ የሕክምና ትምህርት ይጀምራል፣ በ2034 ይመረቃል። ከዚያ በኋላ ቢያንስ ሦስት ዓመት የሆስፒታል ሥልጠና ይቀራል።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ስምንት ዓመት በሒሳብ ሠራተኝነት ከሠራሁ በኋላ በዲቪ ሜሪላንድ የገባሁ ሰው ነኝ። የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ ክፍል ስገባ 34 ዓመቴ ነበር፤ አሁን የሕክምና ትምህርት ሦስተኛ ዓመት ላይ ነኝ። አብረውኝ ከጀመሩት ጎልማሶች መካከል መንገድ ላይ የቀሩት ከእኔ የሰነፉ አልነበሩም። አንዳንዶቹ ኮርሶቹን በተሳሳተ ቅደም ተከተል ያዙ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ከአቅማቸው በላይ ተሸከሙ። ይህን የምጽፈው እነዚህን ሁለት ስሕተቶች ሌላ ሰው እንዳይደግማቸው ነው።

ከመጀመርዎ በፊት ሁለት ነገሮችን ያጣሩ

ከኢትዮጵያ ወይም ከሌላ አገር በሕክምና ዶክተርነት ተመርቀው የመጡ ከሆነ ይህ መመሪያ የእርስዎ አይደለም። የእርስዎ መንገድ ኢሲኤፍኤምጂ በተባለው ተቋም በኩል ዲግሪዎን አስመስክረው ዩኤስኤምኤልኢ የተባሉትን የሐኪምነት ፈቃድ ፈተናዎች መውሰድ ነው። ይህን ሳያውቅ ከኮሌጅ ኬሚስትሪ ሀ ብሎ የጀመረ ሐኪም አግኝቼ ከልቤ አዝኛለሁ። ነርስ፣ መሐንዲስ፣ መምህር፣ ነጋዴ ወይም ሾፌር ከሆኑ ግን አብረን እንቀጥል።

ሁለተኛው የመኖሪያ ፈቃድ ነው። አብዛኞቹ የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይጠይቃሉ። ጉዳይዎ በሂደት ላይ ቢሆንም ኮርሶቹን መጀመር ይችላሉ፤ የሚያመለክቱበትን ዓመት ግን የመኖሪያ ፈቃድዎ ይወጣል ብለው ከሚጠብቁበት ጊዜ ጋር ያገናዝቡ።

ደረጃ 1፦ የያዙት ዲግሪ ምን እንደሚያስገኝልዎ ይወቁ

ከአገር ቤት የመጣ ዲግሪ በገምጋሚ ድርጅት በኩል እያንዳንዱ ኮርስ ተለይቶ መገምገም አለበት። ጥቅል ግምገማ ለሥራ ፍለጋ ይበቃ ይሆናል፤ ለዚህ ዓላማ ግን ኮርስ በኮርስ የተዘረዘረውን ይጠይቁ። ዩኒቨርሲቲዎ ትራንስክሪፕቱን በታሸገ ፖስታ ወይም በቀጥታ መላክ ስላለበት አገር ቤት ያለ ዘመድ እንዲከታተልልዎ ያድርጉ። ብዙ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ከሁሉ በፊት የሚጀመረው ይህ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። አምካስ የተባለው የሕክምና ትምህርት ቤቶች የጋራ ማመልከቻ ከውጭ አገር የመጣን ውጤት በአማካይ ነጥብ ስሌት ውስጥ አያስገባም። አገር ቤት ውጤትዎ ዝቅተኛ ከነበረ አይከተልዎትም። ከፍተኛ ከነበረም አያድንዎትም። የአሜሪካ ነጥብዎ ከባዶ ስለሚጀምር የመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ኮርሶች ክብደታቸው እጅግ ትልቅ ነው።

ብዙ ትምህርት ቤቶች በአሜሪካ ወይም በካናዳ የተገኘ ዲግሪ፣ ካልሆነም በዚያ የተወሰዱ በርከት ያሉ ክሬዲቶችን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ዲግሪዎ ከኢትዮጵያ ብቻ ከሆነ አስፈላጊዎቹን ኮርሶች ብቻ ለቃቅሞ ከማመልከት ይልቅ በክልልዎ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ የመጀመሪያ ዲግሪ እየያዙ ኮርሶቹን በዚያው ውስጥ ማካተት ይሻላል ባይ ነኝ። የቀድሞ ክሬዲቶችዎ ከተቆጠሩልዎ የሚጨምረው ጊዜ ያን ያህል አይደለም። ዲግሪዎ የአሜሪካ ከሆነ ግን የጎደሉትን የሳይንስ ኮርሶች ብቻ መጨመር በቂ ነው።

የእያንዳንዱን ትምህርት ቤት መስፈርት የሚዘረዝረው የአሜሪካ ሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ያዘጋጀው ኤምኤስኤአር የተባለ መዝገብ ነው። አነስተኛ ዓመታዊ ክፍያ ይጠይቃል፤ ከሰው አፍ ከሚሰማ ወሬ ይልቅ እርሱን ያንብቡ። ከዐሥር ዓመት በፊት የተማሩት ባዮሎጂ ካለም እዚያው ያረጋግጡ፤ ጊዜ ያለፈበትን ኮርስ የማይቀበሉ ትምህርት ቤቶች አሉ።

ደረጃ 2፦ የት እንደሚማሩ ይምረጡ

ሁለት በር አለ። አንዱ ሥራ ለሚቀይሩ ሰዎች ተብሎ የተዘጋጀ ፕሮግራም ነው፤ በሜሪላንድ ጎቸር ኮሌጅና ጆንስ ሆፕኪንስ፣ በፔንሲልቬንያ ብሪን ማር፣ በኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ አላቸው። አማካሪ፣ የተደራጀ የጊዜ ሰሌዳና በኮሚቴ የሚጻፍ የድጋፍ ደብዳቤ ይሰጣሉ። ክፍያቸው ከባድ ነው፤ አንዳንዶቹም ሙሉ ቀን ስለሚጠይቁ ሥራ ይዞ መማር ያስቸግራል።

ሁለተኛው በር ራስዎ የሚያዘጋጁት ነው፤ አብዛኞቻችን የምንገባውም በዚህኛው ነው። በዋሽንግተን አካባቢ የሞንትጎመሪ ኮሌጅና የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በማታና በቅዳሜ ያስተምራሉ፤ ኮሪደሩ ላይ አማርኛ መስማትም የተለመደ ነው። የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ኮርስ በብዙ ትምህርት ቤቶች ዘንድ ተቀባይነት አለው፤ በአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተወሰደውን የሚያስበልጡ መኖራቸው ግን እውነት ነው። የእኔ ምክር አጠቃላይ ኬሚስትሪንና የመጀመሪያውን ባዮሎጂ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወስደው፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪንና ባዮኬሚስትሪን በአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ እንዲጨርሱ ነው። ላቦራቶሪውን በኢንተርኔት ብቻ የሚሰጥ ኮርስ ከመያዝዎ በፊት የሚፈልጓቸው ትምህርት ቤቶች ይቀበሉት እንደሆነ ይጠይቁ።

ስለ ገንዘብ በአጭሩ። ቀድሞ ዲግሪ ያለው ሰው፣ ዲግሪው የውጭ አገር ቢሆንም፣ ፔል ግራንት የተባለውን የፌዴራል የትምህርት ድጎማ አያገኝም። የገንዘብ ድጋፍ መጠየቂያው ቅጽ ላይ «ዲግሪ የለኝም» ብሎ መሙላት ከባድ ጣጣ ያመጣልና አያድርጉት። የፌዴራል ብድር ግን መጠየቅ ይቻላል። እቁብ ካለዎት ዕጣዎ ከኦገስት ወይም ከጃንዋሪ ክፍያ ጋር እንዲገጥም የእቁቡን ዳኛ ቀድመው ያነጋግሩ፤ እኔ የሁለት ሴሚስተር ክፍያ የሸፈንኩት በዚህ መንገድ ነው። ወደፊት ለሚመጣውም ይዘጋጁ፤ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ የሕክምና ተማሪ የሚሰጠው የፌዴራል ብድር በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው ደግሞ 200,000 ዶላር ጣሪያ አለው። ስለዚህ በዚህ ጊዜ የሚገቡበት የክሬዲት ካርድ ዕዳ ኋላ ላይ እጅዎን ያስራል።

ደረጃ 3፦ ቅደም ተከተሉን በኬሚስትሪ ላይ ይስቀሉ

አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች የሚጠይቁት ይህን ነው፦ ባዮሎጂ ሁለት ሴሚስተር፣ አጠቃላይ ኬሚስትሪ ሁለት ሴሚስተር፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሁለት ሴሚስተር፣ ፊዚክስ ሁለት ሴሚስተር፣ ሁሉም ከነላቦራቶሪያቸው፤ ከዚያ አንድ ሴሚስተር ባዮኬሚስትሪ። በተጨማሪ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ፣ ስታቲስቲክስ፣ ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂ ይፈለጋሉ ወይም ለፈተናው ይጠቅማሉ።

ዝርዝሩን ላየ ሰው ሁሉም እኩል ይመስላሉ። እኩል አይደሉም። ኬሚስትሪ ሰንሰለት ነው፤ አጠቃላይ አንድ ሳያልፉ አጠቃላይ ሁለት የለም፣ ያ ሳያልቅ ኦርጋኒክ አንድ የለም፣ ከኦርጋኒክ በኋላ ነው ባዮኬሚስትሪ የሚመጣው። አምስት ሴሚስተር በተከታታይ ማለት ነው፤ ገንዘብም ጉብዝናም ይህን ጎን ለጎን ሊያስኬደው አይችልም። ባዮሎጂና ፊዚክስ ግን በፈለጉት ክፍተት ውስጥ ይገባሉ። በመጀመሪያው ሴሚስተር «ባዮሎጂ ይቀለኛል» ብሎ ኬሚስትሪን ያዘገየ ሰው አንድ ሙሉ ዓመት ሊያጣ ይችላል፤ ምክንያቱም በብዙ ኮሌጆች የማታው ኦርጋኒክ አንድ የሚከፈተው በኦገስት ብቻ ነው።

ከሰንሰለቱ በፊት ደግሞ ሒሳብ አለ። አጠቃላይ ኬሚስትሪ ለመመዝገብ ኮሌጁ የአልጀብራ ደረጃን ይጠይቃል፤ ደረጃው የሚለየው በመመደቢያ ፈተና ነው። ይህን ፈተና ሳይዘጋጁ አይቀመጡ! እኔ ከሒሳብ መዝገብ ጋር ስምንት ዓመት የኖርኩ ሰው ሎጋሪዝም ፈጽሞ ረስቼ ነበር። ሦስት ሳምንት አልጀብራ፣ ሎጋሪዝምና ትሪጎኖሜትሪ መከለስ ሁለት ሴሚስተር የማጠናከሪያ ሒሳብ ሊያስቀርልዎ ይችላል። ለፊዚክስ ካልኩለስ አያስፈልግም፤ በአልጀብራ የሚሰጠውን ፊዚክስ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ይቀበላሉ።

ሥራ ለሚሠራ ሰው የምመክረው ሰሌዳ እንደዚህ ያለ ነው። አንደኛ ዓመት፣ ኦገስት፦ አጠቃላይ ኬሚስትሪ አንድና ስታቲስቲክስ። ጃንዋሪ፦ አጠቃላይ ኬሚስትሪ ሁለትና ባዮሎጂ አንድ። በሰመር፦ ባዮሎጂ ሁለት፣ ወይም ዕረፍት (ካረፉ ባዮሎጂ ሁለትን በሁለተኛው ዓመት ሰመር ይያዙት)። ሁለተኛ ዓመት፣ ኦገስት፦ ኦርጋኒክ አንድና ፊዚክስ አንድ። ጃንዋሪ፦ ኦርጋኒክ ሁለትና ፊዚክስ ሁለት። ሦስተኛ ዓመት፣ ኦገስት፦ ባዮኬሚስትሪና ሳይኮሎጂ። ኦርጋኒክን በሰመር አይውሰዱ። የዐሥራ አምስት ሳምንት ትምህርት በጥቂት ሳምንታት ሲጨመቅ ሥራ ያለው ሰው መተንፈሻ አያገኝም።

ደረጃ 4፦ የሚሸከሙትን ይመዝኑ

ይህ ክፍል ለእኔ በጣም የሚያመኝ ነው። በመጀመሪያው ሴሚስተር ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ስታቲስቲክስ አንድ ላይ ያዝኩ፤ በዚያ ላይ በሳምንት 40 ሰዓት የሌሊት የመኪና ማቆሚያ ሥራ ነበረኝ። የኮሌጁ አማካሪ ሥራዬን ሳይጠይቀኝ ፈረመልኝ፤ እኔም ዕድሜዬን እያሰብኩ ቸኩዬ ነበር። በኬሚስትሪ ሲ አመጣሁ። ኮርሱን ደግሜ ኤ ባገኝም ሲው አልጠፋም። ኮሌጁ በራሱ ትራንስክሪፕት ላይ የድሮውን ውጤት ቢተካ እንኳ አምካስ ሁለቱንም ይቆጥራል። በየቃለ መጠይቁም ስለዚያ ሲ ተጠይቄአለሁ።

የአንድ ባለ አራት ክሬዲት የሳይንስ ኮርስ ክፍልና ላቦራቶሪ በሳምንት ስድስት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ከዚያ ውጭ የሚጠናው ዐሥር ሰዓት ነው ብለው ያስቡ። ስለዚህ በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠሩ ከሆነ አንድ ላቦራቶሪ ያለው ኮርስና አንድ ቀላል ኮርስ ይበቃዎታል። ሁለት የላቦራቶሪ ኮርስ ለመያዝ ሥራውን ወደ 25 ሰዓት ገደማ ማውረድ ያስፈልጋል። ከላይ ያስቀመጥኩት ሰሌዳ ከጃንዋሪው ሴሚስተር ጀምሮ ይህን ይጠይቃል፤ ሥራዎን መቀነስ ካልቻሉ አንድ ዓመት ይጨምሩበት። ሦስት የላቦራቶሪ ኮርስ ከሥራ ጋር አይሞከርም።

ነገሩ ከተበላሸስ? እያንዳንዱ ኮሌጅ ያለ ውጤት ከኮርስ መውጫ የመጨረሻ ቀን አለው፤ በትራንስክሪፕቱ ላይ ደብልዩ ብቻ ይጻፋል። ሴሚስተሩ ሲጀምር ያን ቀን በስልክዎ ላይ ይመዝግቡ። አንድ ደብልዩ ከአንድ ሲ ይሻላል። ሲደጋገም ግን ጥያቄ ያስነሳል፣ ብድርንም ሊያስተጓጉል ይችላል።

ቤተሰብንና ማኅበርተኞችዎንም ቀድመው ያስረዱ። ለቅሶ አይቀርም፤ መቅረትም የለበትም። ሰርግ፣ ክርስትና፣ የልደት ግብዣና የማኅበር ተራ ግን በየሳምንቱ ከተሄደበት የቅዳሜ ጥናት የለም። እኔ በሴሚስተሩ መጀመሪያ የፈተና ቀኖቼን ለእናቴና ለእኅቶቼ ሰጠኋቸው፤ ቅሬታ ሲመጣ እነርሱ መለሱልኝ።

ደረጃ 5፦ የአጠናን ልማድዎን ይቀይሩ፣ መምህራንዎንም ይቅረቡ

ብዙዎቻችን የተማርነው ጽፎ፣ ሸምድዶ፣ ፈተና ላይ መመለስን ነው። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ በዚህ አይገፋም። ምላሾቹን በቃል ከመያዝ ኤሌክትሮኖቹ ከየት ተነሥተው ወዴት እንደሚሄዱ በባዶ ወረቀት ላይ በየቀኑ መሳል ያስፈልጋል። ከጥናት ሰዓትዎ ሁለት ሦስተኛው ጥያቄ በመሥራት ይለፍ፤ መጽሐፉን ደጋግሞ ማንበብ የገባን ያስመስለናል፣ ወረቀቱ ባዶ ሲሆን ነው የምናውቀው። የተሳሳቱትን ጥያቄ በተለየ ደብተር ይጻፉና በሳምንቱ ያለ መልስ እንደገና ይሥሩት።

የመምህራን ቢሮ ጉዳይ ለእኛ ሰው ከባድ ነው። መምህር ጋር ያለ ጉዳይ መሄድ መለማመጥ ይመስለናል፤ ዝም ማለት ጨዋነት ነው ተብለን አድገናል። እዚህ አገር ግን ዝም ያለን ተማሪ መምህሩ አያውቀውም፤ የማያውቀውን ተማሪ ደግሞ ደብዳቤ ሊጽፍለት አይችልም። ለማመልከቻው በተለምዶ ሁለት የሳይንስ መምህራን፣ ከሳይንስ ውጭ የሆነ አንድ መምህርና አንድ ሐኪም የሚጽፉት ደብዳቤ ያስፈልጋል። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ትክክለኛ ጥያቄ ይዘው ወደ ቢሮው ይሂዱ። ሴሚስተሩ እንዳለቀ፣ መምህሩ ሳይረሳዎት፣ ደብዳቤውን ይጠይቁና ደብዳቤ በሚያስቀምጥ አገልግሎት ያስቀምጡት። እኔ ከሁለት ዓመት በኋላ ልጠይቅ ስሄድ አንዷ መምህሬ ጡረታ ወጥታ ነበር።

ደረጃ 6፦ ከኮርሱ ጎን ለጎን ወደ ሕመምተኛው ይቅረቡ

ውጤት ብቻውን አያስገባም፤ የሕክምናን ሥራ በዓይንዎ አይተው እንደመረጡት ማሳየት አለብዎት። ሥራዎን መቀየር ከቻሉ የነርስ ረዳት፣ ደም ቀጂ፣ የአምቡላንስ ባለሙያ ወይም የሐኪም ማስታወሻ ጸሐፊ ሆነው ይሥሩ፤ ደመወዙም ልምዱም በአንድ ላይ ይገኛል።

አማርኛዎ ደግሞ ሀብት ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች እንግሊዝኛ ለማይችል ሕመምተኛ በነፃ አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው። የሕክምና አስተርጓሚነት ብሔራዊ ምስክር ወረቀት ለማግኘት ቢያንስ 40 ሰዓት ሥልጠና ይጠየቃል። እኔ ከመኪና ማቆሚያው የወጣሁት በዚህ ነው። አንዲት እናት ስኳር እንዳለባቸው ሲነገራቸው እኔ ድምፃቸው ነበርኩ፤ በማመልከቻ ጽሑፌ ውስጥ ከገባው ነገር ሁሉ ቃለ መጠይቅ አድራጊዎቹን ያቆማቸው ይህ ነበር። አክስትዎን ወደ ክሊኒክ መውሰድ ግን በሰዓት መዝገብ ላይ አይጻፍም፤ በጽሑፍዎ ውስጥ ሊነሣ ይችላል።

ሐኪምን እየተከተሉ ሥራውን መመልከትም ይጠበቃል። ቀኑን፣ ቦታውንና ሰዓቱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይመዝግቡ።

ደረጃ 7፦ ኤምካት

ኤምካት የተባለው የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ከ2015 ጀምሮ አራት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ከ118 እስከ 132፣ በድምሩ ከ472 እስከ 528 ነጥብ ይሰጣል። ከዕረፍቱ ጋር ሰባት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። በቅርብ ዓመታት የገቡ ተማሪዎች አማካይ ነጥብ 512 አካባቢ ነው። በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ፣ በተከታታይ ሁለት ዓመት አራት ጊዜ፣ በዕድሜ ልክ ሰባት ጊዜ መውሰድ ይፈቀዳል፤ ትምህርት ቤቶቹ ግን ሁሉንም ውጤት ያያሉ። ስለዚህ «እስቲ ልሞክረው» ተብሎ አይወሰድም።

ሦስቱን ክፍሎች ከኮርሶቹ ያገኟቸዋል። እንግሊዝኛን ኋላ የተማርን ሰዎች የምንጎዳው ካርስ በሚባለው የንባብ ክፍል ነው፤ በ90 ደቂቃ ዘጠኝ ጽሑፍና 53 ጥያቄ። ጽሑፎቹ ስለ ፍልስፍና፣ ስለ ሥነ ጥበብ፣ ስለ ታሪክ ናቸው፤ በሦስት ወር ጥናት አይለመዱም። ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ በየቀኑ አንድ ረጅም የእንግሊዝኛ ሐተታ ያንብቡና የጸሐፊው አቋም ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ በአማርኛ ቢሆንም፣ ይጻፉ። በአማርኛ መጻፌ ነው ያልገባኝን ያጋለጠብኝ። ለመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት የአሜሪካ ሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ራሱ ያዘጋጃቸውን ሙሉ የልምምድ ፈተናዎች ያስቀምጡ፤ በእነርሱ የሚያገኙት ነጥብ ካላረካዎት ቀኑን ያዛውሩት።

ደረጃ 8፦ ማመልከቻው

አምካስ በሜይ መጀመሪያ ይከፈታል፤ ከሜይ መጨረሻ ጀምሮ መላክ ይቻላል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻን በመጣበት ቅደም ተከተል ስለሚያዩ በጁን መላክና በሴፕቴምበር መላክ አንድ አይደሉም። የኦስቲዮፓቲ ሕክምና ትምህርት ቤቶች (በኤም.ዲ. ፋንታ ዲ.ኦ. የተባለውን የሐኪም ዲግሪ የሚሰጡት) አኮማስ የተባለ የራሳቸው ማመልከቻ አላቸው። እነርሱም ሙሉ ሐኪም ያወጣሉ፤ ከዝርዝርዎ አያውጧቸው።

የግል ጽሑፉ 5,300 ፊደላትና ክፍት ቦታዎች ብቻ ይይዛል፤ ሥራና ልምድ የሚዘረዝሩበት ቦታ ደግሞ 15 ነው። የቀድሞ ሙያዎን አይደብቁት፤ ምን እንዳስተማረዎት በተጨባጭ ይጻፉ። ገቢዎ ዝቅተኛ ከሆነ የሕክምና ኮሌጆቹ ማኅበር የክፍያ ድጋፍ ፕሮግራም አለው፤ የኤምካት ክፍያን ይቀንሳል፣ እስከ 20 ለሚደርሱ ትምህርት ቤቶችም የማመልከቻ ክፍያን ያነሣል። ለፈተና ከመመዝገብዎ በፊት ይጠይቁት፤ የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም።

በአሜሪካ የተመዘገቡበት ኮሌጅ ሁሉ ትራንስክሪፕት መላክ አለበት፤ አገር እንደገቡ ጀምረው ያቋረጡት አንድ የእንግሊዝኛ ኮርስ ጭምር። እኔ እንዲህ ያለ ረስቼው የነበረ ኮርስ ሁለት ሳምንት አዘግይቶኛል።

ካመለከቱ በኋላ በጁላይና በኦገስት ከየትምህርት ቤቱ ተጨማሪ የጽሑፍ ጥያቄዎች ይደርሱዎታል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመልሷቸው። ቃለ መጠይቁ ከሴፕቴምበር እስከ ማርች ገደማ፣ ብዙ ጊዜ በሥራ ቀን፣ በአጭር ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ስለዚህ የዚያን ዓመት የዕረፍት ቀንዎን ለሌላ ነገር አያውሉት፤ ለአለቃዎም ከሴፕቴምበር በፊት ይንገሩ።